የጣናን የሟሟ ካርቦን ከሳተላይት ማንበብ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በጣና ሐይቅና ከሐይቁ በሚወጣው ዓባይ ላይ እየሠራሁ ነው። ዓላማዬ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ያለውን የሟሟ ካርቦን መጠን በሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስሎች በየወሩ በካርታ ማሳየት ነው። ለአውሮፓ ሐይቆች የተሠራ፣ አረንጓዴውን ባንድ (የብርሃን ክፍል) ለቀዩ በማካፈል የሚጀምር ቀመር አገኘሁና በደረጃ 2ኤ (የከባቢ አየር እርማት በተደረገላቸው) ምስሎች ላይ ሞከርኩት። በነሐሴ በግልገል ዓባይ መግቢያ 25 ሚሊግራም በሊትር፣ በጥር መሐል ሐይቁ ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች አወጣልኝ። ቀመሩን በሌላ ልለውጠው ወይስ ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው? የውሃ ናሙና መውሰድ የግድ ነው? በውቅያኖስ ላይስ ያለ ናሙና የሚሠሩት እንዴት ነው?»

ምላሽ፦

ሌላ ቀመር ቢያመጡም ሌላ የተሳሳተ ቁጥር ከማግኘት አይዘሉም። ያዩት ችግር ከቀመሩ በፊትም በኋላም ያለ ነው።

በመጀመሪያ ሳተላይቱ ምን እንደሚያይ እንለይ። «የሟሟ ካርቦን» ሲባል ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠራል። አንደኛው ኢኦርጋኒክ የሆነው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባይካርቦኔትና ካርቦኔት። እነዚህ ቀለም ስለሌላቸው የትኛውም የብርሃን ካሜራ አያያቸውም፤ ስለዚህ ከጽሑፍዎ ርዕስ ላይ «የሟሟ ካርቦን» የሚለውን «የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን» ብለው ያጥብቡት። ሁለተኛው ይኸው ኦርጋኒኩ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ቀለም ያለው ከፊሉ ብቻ ነው። ቅጠል፣ ሥርና አፈር በስብሰው ወደ ውሃው የሚለቁት ቡናማ ቢጫ ንጥረ ነገር በሙያው «ሲዶም» ይባላል። ሳተላይቱ የሚያገኘው ይህ ሲዶም የመጠጠውን ብርሃን ጉድለት ነው። እንግዲህ ከምስሉ እስከ ካርቦኑ ሦስት ድልድይ አለ፦ ሳተላይቱ ከለካው ብርሃን የውሃውን ነጸብራቅ መለየት፣ ከነጸብራቁ ሲዶምን ማስላት፣ ከሲዶም ካርቦንን መገመት። የእርስዎ ሥራ ሦስቱንም በአንድ እርምጃ ሊሻገር ሞክሯል።

የነሐሴው 25 ሚሊግራም የመጣው ከሁለተኛው ድልድይ ነው። በክረምት ግልገል ዓባይ ይዞት የሚገባው ቡናማ ነገር በአብዛኛው ሸክላ አፈር ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው፣ ለሳተላይቱም ጎልቶ የሚታየው ወንዙ የተሸከመው እንጂ የሟሟው አይደለም። ልዩነቱን በእጅ ማየት ይቻላል፤ ከመግቢያው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ያሳልፉት። ማጣሪያው ላይ ቀይ ጭቃ ቀርቶ የወረደው ውሃ ከቧንቧ ውሃ የማይለይ ከሆነ ያዩት ቡናማነት ደለል ነበር። ከተጣራም በኋላ ቀጭን ሻይ ከመሰለ ሲዶም አለ። ብራዚል ማናውስ ከተማ አጠገብ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያሉ፤ ሪዮ ኔግሮ ደለል የሌለበት ጥቁር ሻይ፣ ሶሊሞይስ ደግሞ ወተት የገባበት ቡና የሚመስል ደለላም ውሃ። ለሳተላይት አንዱ ብርሃን ይውጣል፣ ሌላው ብርሃን ይመልሳል።

ቀመሩ እንዴት እንደሚታለል በቁጥር እንየው። ሲዶም ብርሃን የሚመጥጠው በሰማያዊው ዘንድ ከፍ ብሎ ወደ ቀዩ ሲሄድ በፍጥነት እየወረደ ነው። በ440 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት (ሰማያዊ) የመምጠጥ መጠኑ 1.15 በሜትር የሆነ ውሃ ቢኖረንና የቁልቁለቱን ፍጥነት የተለመደውን 0.016 በናኖሜትር ብንወስድ፣ በ560 (አረንጓዴ) ላይ ወደ 0.17፣ በ665 (ቀይ) ላይ ወደ 0.03 ይወርዳል። ንጹሕ ውሃ ራሱ በ560 ወደ 0.06፣ በ665 ደግሞ ወደ 0.43 ይመጥጣል። ስለዚህ ሲዶም ሲጨምር አረንጓዴው ይቀንሳል፣ ቀዩ ግን እምብዛም አይነካም፤ አረንጓዴ ለቀይ ሲካፈል ውጤቱ ያንሳል። ቀመሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ደለል በሌለበት ጥቁር የጫካ ሐይቅ ላይም በደንብ ይሠራል። ቀላ ያለ ደለል ሲገባ ግን ቀዩ ከአረንጓዴው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ውጤቱም ያው ያንሳል። ቀመሩ ቀዩ ስለጨመረ ይሁን አረንጓዴው ስለቀነሰ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሁለቱንም «ብዙ ሲዶም» ብሎ ያነባቸዋል።

ከዜሮ በታች የወጣው የጥር ወሩ ቁጥር ግን የመጀመሪያው ድልድይ ጣጣ ነው። ደረጃ 2ኤ የሚዘጋጀው ሴን2ኮር በተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የተሠራው ለመሬት ነው። ውሃ ከሚደርሰው ብርሃን የሚመልሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ሳተላይቱ ከውሃ በላይ ሆኖ ከሚለካው ውስጥ አብዛኛው፣ በጥርት ያለ ባሕር ላይ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው፣ የከባቢ አየሩ ነው። እርማቱ ትንሽ አብዝቶ ቢቀንስ የቀዩ ባንድ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ክፍፍሉ ይፈነዳል፣ ቀጥተኛ መስመር የሆነ ቀመርም ከተሠራበት ክልል ወጥቶ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለውሃ የተሠሩ እርማቶች አሉ፤ በስናፕ የምስል ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሲ2አርሲሲና አኮላይት ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የሚጀምሩት ከደረጃ 1ሲ (እርማት ካልተደረገለት) ምስል ስለሆነ ያወረዷቸውን 2ኤ ምስሎች ለሐይቁ አይጠቀሙባቸው።

ሲ2አርሲሲን ሲከፍቱ በነባሪ የተቀመጡት ቁጥሮች የባሕር ናቸው፤ ጨዋማነት 35፣ ከፍታ 0፣ ሙቀት 15። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ያለ ጨው አልባ ውሃ ነው። ጨዋማነቱን 0.1፣ ሙቀቱን በዕለቱ የለኩትን (23 ዲግሪ ገደማ ይሆናል)፣ ከፍታውን 1,786 አድርጉ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት የአየር ግፊቱን ነው። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው በባሕር ወለል ልክ የሆነውን ግፊት ስለሆነ 1,013 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይተዉት፤ የሐይቁን ትክክለኛ ግፊት፣ 820 ገደማ፣ ካስገቡ ከፍታው ሁለት ጊዜ ይቀነስና ሰማያዊው ባንድ ይበላሻል። ምስሉን አስቀድመው ወደ 60 ሜትር ያሰባስቡት፤ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ለሚያህል ሐይቅ 10 ሜትር ፒክስል ጩኸት (የንባብ መዋዠቅ) ከመጨመር በቀር ትርፍ የለውም። ፕሮግራሙ ደለሉንና ሲዶሙን ለየብቻ ከፍሎ ያወጣልዎታል። ክፍፍሉን አይመኑ፤ የሁለቱም ብርሃን የመምጠጥ ቅርጽ እጅግ ስለሚመሳሰል ከምስሉ በአስተማማኝ የሚገኘው ድምራቸው ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በተለይ ከ2017 ጀምሮ ተከታታይ ለሚሠራ ሰው። ከጥር 25 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተዘጋጁ የሴንቲኔል-2 ምስሎች ውስጥ በእያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር ላይ 1,000 ተጨምሯል። ይህን ሳይቀንሱ ባንዶችን ካካፈሉ፦ ትክክለኛው ነጸብራቅ 0.04 እና 0.02 ቢሆን ክፍፍሉ 2 መሆን ሲገባው፣ 1,400 ለ1,200 ተካፍሎ 1.17 ይሆናል። ከ2022 ወዲህ «ካርቦን በድንገት ጨመረ» የሚል ግራፍ ካገኙ መጀመሪያ የሚመረመረው ይኸው ነው። በጉግል ኧርዝ ኢንጂን «ሃርሞናይዝድ» የተባለው ስብስብ ይህን አስተካክሎ ያቀርባል፤ በስናፕና በአኮላይት ደግሞ የቅርብ ጊዜውን ሥሪት ይጠቀሙ።

ናሙና የግድ ነው? አዎ፣ ያለ እሱ ሦስተኛው ድልድይ የለም። በሲዶምና በካርቦን መካከል ያለው ዝምድና ከውሃ ውሃ ይለያያል። ሊና፣ ኮሊማ፣ ዩኮን በመሳሰሉት የአርክቲክ ወንዞች ዝምድናው እጅግ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም በበረዶ መቅለጫ ወራት ካርቦኑም ቀለሙም ከአንድ ምንጭ፣ ከአፈርና ከረግረግ፣ አብረው ይታጠባሉ። ጣና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ሐይቁ የገባ ውሃ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በዚያ ከፍታና በዚያ ፀሐይ ቀለሙ ከካርቦኑ ቀድሞ ይነጣል። ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ቀለሙ ሄዶ ጨርቁ እንደሚቀር ማለት ነው። በዚያ ላይ በሐይቁ ውስጥ የሚበቅለው አልጌ ቀለም የሌለው ካርቦን ይጨምራል። ስለዚህ በግልገል ዓባይ መግቢያና በመሐል ሐይቁ ተመሳሳይ የሲዶም መጠን ቢያገኙ እንኳ የካርቦኑ መጠን እኩል ነው ማለት አይችሉም። ቀመርዎ ሲዶም ዜሮ ሲሆንም የሚቀር ቋሚ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ያ ቁጥር ቀለም አልባው ካርቦን ነው፣ በግድ በዜሮ እንዲያልፍ አያድርጉት።

ናሙናው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጀልባው ላይ ነው። ለካርቦኑ ውሃውን የሚያጣሩት 0.7 ማይክሮሜትር በሆነ የብርጭቆ ፋይበር ማጣሪያ ሲሆን፣ ማጣሪያውና 40 ሚሊሊትር የሚይዘው ቡናማ ጠርሙስ አስቀድመው በ450 ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ሰዓት በፈርነስ (በላብራቶሪ ምድጃ) ተቃጥለው የቆዩ ይሁኑ። ከተጣራ በኋላ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 2 ድረስ አውርደው በ4 ዲግሪ በጨለማ ያቆዩት። ለሲዶም የሚሆነው ግን ለየብቻ በ0.22 ማይክሮሜትር ይጣራል፣ አሲድም አይነካውም። ፍሪጅ ይግባ፣ በረዶ ግን አይሁን፤ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ከፊሉ ቀለም ተጓጉሎ ይወርዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለካ። አዲስ ማጣሪያ ራሱ ካርቦን ስለሚለቅ መጀመሪያ 100 ሚሊሊትር ያህል እጅግ የተጣራ ውሃ አሳልፈው ይድፉት። ጀልባው ላይ የእጅ ሳኒታይዘር ይከልከል፤ አልኮል ካርቦን ነው፣ ትነቱ ብቻ ጠርሙስ ያበላሻል። በየጉዞው ንጹሕ ውሃ ይዘው ሄደው እንደ ናሙና አጣርተው ይመልሱ፤ እሱ ካርቦን ካሳየ የዕለቱ ናሙና በሙሉ ይጠረጠራል።

ላብራቶሪ ላይ ለሲዶም 10 ሴንቲሜትር የሆነ የኳርትዝ ኩቬት (ናሙናው ተቀድቶ ብርሃን የሚያልፍበት ዕቃ) ይፈልጉ። በእሱ 0.05 ያነበበ ውሃ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 0.005 ብቻ ያነባል፤ ያ ደግሞ ከብዙ ስፔክትሮፎቶሜትሮች (የብርሃን መምጠጥ መለኪያዎች) የራሳቸው መዋዠቅ እምብዛም አይርቅም። ናሙናው ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ ከተለካ ኩቬቱ ላብ ይይዝና ንባቡ በሁሉም የሞገድ ርዝመት ይነሳል። ከ690 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን አማካይ ከሁሉም ላይ ቀንሰው፣ የቀረውን በ2.303 አባዝተው በኩቬቱ ርዝመት በሜትር ያካፍሉ፤ 0.05 ሲሆን ከላይ የተጠቀምንበት 1.15 በሜትር ይወጣል። የካርቦኑን መለኪያ ማሽን የሚያሠራው ሰው ናሙናውን በአሲድ አድርጎ ጋዝ እየነፋ ባይካርቦኔቱን ማስወጣቱን ይጠይቁ። ያ ካልተደረገ የሚሰጥዎ ቁጥር ኢኦርጋኒኩን የጨመረ ነው።

የጉዞ ቀን የሚመረጠው በሳተላይቱ መርሐ ግብር ነው። ሴንቲኔል-2 ሁለቱ ተደምረው በ5 ቀን አንዴ በጣና ላይ ያልፋሉ፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ዙሪያ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ የተቀዳ ናሙና ከምስሉ ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ነፋስ ተነስቶ ታቹን ካደፈረሰው ግን ሰዓቱ ሳያልፍም ማቆም ይሻላል። ከዳር ቢያንስ 300 ሜትር ይራቁ፤ የዳር ሣርና ዛፍ የሚመልሰው ብርሃን ወደ ውሃው ፒክስል ይፈስሳል። እምቦጭ ያለበትን ፒክስል በኤንዲቪአይ (በአረንጓዴ ዕፅዋት መለያ ስሌት) ቆርጠው ያውጡ፤ ከዙሪያውም ሁለት ሦስት ፒክስል ይጨምሩበት። ከመጋቢት ማብቂያ ጀምሮ ፀሐይዋ ወደ አናት ስለምትቀርብ ብልጭታዋ ከውሃው ገጽ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ምስሉ ላይ ሰፋፊ የብርሃንና የጥላ ዝንጉርጉር መስመሮች ካዩ ያ ነው፤ ምስሉን ይጣሉት።

አሁን ወደማይታለፈው ገደብ እንምጣ። ካርቦኑ በብዛት የሚታጠበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ደመናው የሚዘጋውም፣ ደለሉ የሚያይለውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ «በየወሩ» የሚለው ዕቅድ በክረምት ባዶ ይሆናል። በደመና ቀዳዳ የተገኘ አንድ ምስል ቢኖርም ወሩን አይወክልም፤ ባዶዎቹን ወራት ከፊትና ከኋላቸው ባሉት አማካይ መሙላት ደግሞ ትልቁን ሞገድ ቆርጦ መጣል ነው። በዓባይ ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል፤ ወንዙ ጠባብ ነው፣ ከሁለቱ ዳር የተረፈው ንጹሕ ፒክስል ጥቂት ነው፣ ዓለታማ በሆነበት ቦታ አረፋውና ታቹም ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንዝ የሚያጓጉዘው ካርቦን መጠን የሚገኘው ክምችቱ በፍሰቱ ተባዝቶ ነው፤ ሴንቲኔል-2 ፍሰት አይለካም። በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) የተላከው ስዎት የተባለው ሳተላይት የወንዝ ከፍታና ስፋት ይለካል፣ ግን የተሠራው 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ነው።

ውቅያኖስ ላይ ያለ ናሙና ይሠራሉ የሚለው ግንዛቤ ትክክል አይደለም። መርከቦች በአሥርት ዓመታት የሰበሰቡት ናሙና ነው ከቀመሩ በስተጀርባ ያለው፤ እርስዎ የሚያዩት ውጤቱን ብቻ ነው። በውቅያኖስ ውስጥ ያለው የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን 660 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ጥልቀት ውስጥ ያለ፣ ሳተላይት የማይደርስበት ነው። ከዳር ርቆ ባለው ባሕር ገጽ ላይ ክምችቱ ከ60 እስከ 80 ማይክሮሞል በሊትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው። በዚያ ላይ ቀለሙና ካርቦኑ ተለያይተዋል፤ በበጋ ገጹ ላይ ካርቦን ሲከማች ቀለሙ በፀሐይ ይነጣል። ዘዴው በባሕር የሚሳካው ወንዝ በሚገባበት ዳርቻ ነው። ኮንጎ ወደ አትላንቲክ ሲወጣ ጥቁሩ ውሃ ከጨዋማው ጋር እየተቀላቀለ ይሄዳል፤ ሲዶሙም ካርቦኑም በጨዋማነቱ ልክ ስለሚቀንሱ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት ይቻላል። ኢኦርጋኒኩን ደግሞ በተዘዋዋሪ ነው የሚገምቱት፤ ጨዋማነትን ስሞስና ስማፕ ከተባሉት ሳተላይቶች፣ ሙቀትን ከሌሎች ሳተላይቶች፣ ክሎሮፊልን ከቀለም ወስደው ከመርከብ ልኬት ጋር ያዛምዳሉ። የእነዚያ የጨዋማነት ሳተላይቶች አንድ ነጥብ 40 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ ለጣና ምንም አይፈይዱም። በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) የተላከው ፔስ የተባለው ሳተላይት ከአልትራቫዮሌት ጀምሮ በ5 ናኖሜትር እየከፋፈለ ስለሚያይ ሲዶምን ከአልጌ ለመለየት ከእስካሁኖቹ ይሻላል፤ ፒክስሉ ግን ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ነው። መሐል ሐይቁ ላይ ሊሞክሩት ይችላሉ፣ ወንዙ ላይ አይሞከርም።

የምመክርዎት ይህን ነው። ዓባይን ከሳተላይቱ ሥራ ያውጡት። ወንዙ ላይ ሲዶም በሚለቀው ፍካት የሚለካ ዳሳሽ መውጫው አጠገብ ቢተከል፣ ከፍሰት መለኪያ ጣቢያ ጋር ተዳምሮ አንድ ክረምት የሚሰጥዎትን መረጃ አሥር ዓመት ምስል አይሰጥዎትም። ዳሳሹ ከተገኘ ውሃው በሞቀ ቁጥር ፍካቱ በዲግሪ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ደለል ሲበዛም ንባቡ እንደሚወርድ አስበው ሁለቱንም ማረም አለብዎ። መግዣ ከሌለ በክረምት በየሳምንቱ፣ ጎርፍ በመጣ ቀን ደግሞ ተጨማሪ፣ ጠርሙስ መቅዳት ይበቃል።

ለሐይቁ ዓላማውን ወደ በጋው ሲዶም አጥብቡ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ በ440 ናኖሜትር የመምጠጥ መጠን ካርታ። ሦስት ጉዞ ያቅዱ፦ በጥቅምት ደለሉ መውረድ ሲጀምር፣ በኅዳር ማብቂያ እና በጥር። በእያንዳንዱ 15 ነጥብ ይውሰዱ፤ ግማሹ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራና ከርብ መግቢያ ወደ መሐል በሚሄድ መስመር ላይ ይሁን። ደመናና ነፋስ የሚወስዱት ተቀንሶ ከ45ቱ 30 ቢተርፍ ጥሩ ነው። ገንዘብ ካጠረ ሲዶሙን ከሁሉም፣ ካርቦኑን ከግማሹ ይለኩ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የተንጠለጠለውን ደለልም ይመዝኑ፤ ቀመርዎ የት ላይ መሥራት እንደሚያቆም የሚነግርዎት እሱ ነው፣ ከዚያ መጠን በላይ ያለውን ፒክስልም ካርታው ላይ ግራጫ አድርገው ይተዉት። ቀመሩን ሲፈትሹ ናሙናውን በዘፈቀደ አይከፋፍሉ፤ በሁለት ጉዞ ሠርተው በሦስተኛው ይፈትኑት፣ ሦስቱንም እያፈራረቁ። በዘፈቀደ ሲከፈል የአንድ ቀን ናሙናዎች በሁለቱም ወገን ይገኙና ስህተቱ ከእውነቱ አሳንሶ ይታያል።

ከ2017 እስከ ናሙናዎ ቀን ድረስ ያለውን የኋላ ዘመን «ካርቦን» ብለው አይሰይሙት። ሲዶም ብለው ያቅርቡት፣ ከጎኑ የስህተት መጠኑን ይጻፉ፤ ካርቦኑን ናሙና በወሰዱባቸው ወራት ብቻ ይግለጹ። ወደ ሐይቁ ከመውጣትዎ በፊት ያሉዎትን የጥር ምስሎች ከደረጃ 1ሲ ጀምረው በሲ2አርሲሲም በአኮላይትም ያስኬዱና በ560 እና በ665 የሚሰጡትን ነጸብራቅ ያነጻጽሩ። ሁለቱ ከ30 በመቶ በላይ የሚለያዩበትን የሐይቁን ክፍል ለመጀመሪያው ጉዞ ነጥብ አይምረጡት።